ወደ ውስጥ የተነፈሰው ጠርሙስ

"ሌንጂሳ! ሌንጂሳ ና! ገባ! ጎማው ገባ!"

ጋዲሴ ስትጮህ እኔ የላቦራቶሪው ጓዳ ውስጥ የመኪና ባትሪ አሲድ እየቀዳሁ ነበር። አሲድ የያዘ ሰው አይሮጥም፤ ማስጠንቀቂያውን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ራሴ የላቦራቶሪው ቴክኒሻን ነኝ። አሲዱን አስቀምጬ ሮጥኩ።

ማሞቂያ ሳጥኑ ፊት ቆማ አንድ የማዕድን ውሃ ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛለች። አያያዟ ክርስትና ሊነሳ የመጣ ሕፃን የታቀፈች ያስመስላታል። በጠርሙሱ አፍ ላይ ወጥረን በሽቦ ያሰርነው ጎማ መጀመሪያ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። አሁን መሃሉ እንደ እምብርት ወደ ውስጥ ሰርጉዷል።

"ንካው! በጣትህ ንካው!"

ነካሁት። ጣቴን ወደ ታች የሚስበኝ መሰለኝ።

"በልተውታል" አለች። "ሌንጂሳ፣ ጋዙን በልተውታል!"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አማካሪዋ ዶክተር ውባየሁ ድንገት በር ከፍተው ባያዩት ደስ ባለኝ። ሁለት ነጭ ጋውን የለበሱ፣ ሠላሳን ያለፉ ሰዎች አንድ ጠርሙስ መሃል ላይ አስቀምጠው ረገዳ ይረግጡ ነበር።

"ምን ሆናችኋል?" አሉ።

"ጎማው ገባ!"

ዶክተር ውባየሁ ጎማውን አዩ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ሦስተኛ ሆነው ገቡ።

ጎማ ስለ ሰረጎደ ምን ያስጨፍራል የምትሉ ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

ጋዲሴ ሸነን ከተማ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። ከከተማው ወረድ ብሎ ሆራ አለ፤ ከብት እየተነዳ የሚወርድበት ጨው ጨው የሚል ምንጭ። ከብቶቹ ተጋፍተው ሲጠጡ ከጭቃው ሥር አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አንድ ቀን ተማሪዎቿን ይዛ ወርዳ "በዚህ ጭቃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ" አለቻቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ብርሃን የለ፣ አየር የለ፣ ሣር የለ። ምን በልተው ነው የሚኖሩት?"

ጋዲሴ "ጥሩ ጥያቄ ነው" ብላ መለሰች። አስተማሪ ጥያቄ ካመሰገነ መልሱን አያውቀውም ማለት ነው። እኛ ሌሎቻችን አመስግነን እናልፋለን፤ እሷን ግን እንቅልፍ ነሳት። አምቦ ለሁለተኛ ዲግሪ የመጣችው ያንን ጥያቄ ይዛ ነው።

መልሱ ለሰሚው ግራ ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ የሚበሉት ሃይድሮጅን ነው። ጋዝ! ሃይድሮጅኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፤ በሆዱ ብረት የታቀፈ ፕሮቲን ነው። ሃይድሮጅን በአጠገቡ ሲያልፍ አፈፍ ያደርገውና ኤሌክትሮኑን ይገፍፈዋል። የተገፈፈው ኤሌክትሮን ከአንዱ ኢንዛይም ወደ ሌላው እየተቀባበለ ሄዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ ከባክቴሪያው የሚወጣው ተረፈ ምርት ምን ይመስላችኋል? የኮምጣጤ አሲድ! ሰላጣችን ላይ የምናፈስሰው! ጋዝ በልቶ ኮምጣጤ የሚያወጣ ፍጥረት ከከብት ኮቴ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ እኛ ተአምር ፍለጋ ስንት አገር እንዞራለን።

ጋዲሴ ከሆራው ጭቃ ካራባቻቸው ባክቴሪያዎች የሃይድሮጅኔዝን ጂን አገኘች። በቅድመ ግምገማው ዕለት ውጤቱን በኩራት አቀረበች። ከሌላ ከተማ የመጡት የውጭ ፈታኝ ዶክተር ሰይፈዲን ረጋ ያሉ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡና እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"ጂኑን አየሁት። ጂን መንጃ ፈቃድ ነው። መኪናው የታለ?"

አዳራሹ ሳቀ። ጋዲሴ አልሳቀችም።

እውነታቸውን ነው። ጂኑ የሥራ መደቡ ነው፤ ኢንዛይሙ ሠራተኛው። መደቡ በመዋቅር ላይ ስላለ ብቻ ሥራው ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ቢሮ ሄዶ ጉዳይ አስፈጽሞ አያውቅም።

"ሃይድሮጅኑ ተበልቶ አሳዪኝ" አሉ ዶክተር ሰይፈዲን። "ካላሳየሽኝ አላሳልፍሽም።"

የጋዲሴ የትምህርት ፈቃድ የሚያልቀው ሰኔ ላይ ነው። ካላለፈች ያለ ዲግሪ ሸነን ትመለሳለች፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ያው ጥያቄዋን ይዛ እየጠበቀቻት ነው።

ችግሩ፣ ጋዝ የሚለካው መሣሪያ ከውጭ ከመጣ ጀምሮ ካርቶኑ ውስጥ ነው። ካርቶኑን የሚከፍተው ኮሚቴ አልተዋቀረም። ለዚህ ሥራ ተብለው የተሠሩት ጠርሙሶችም ግዢ ክፍል ውስጥ እንደ ወረቀት ይኖራሉ እንጂ በአካል አልመጡም። ስለዚህ በአምቦ አቅም ገባንበት። ጠርሙሱን ከአጎቷ ግሮሰሪ አመጣን። ክዳኑን ከመኪና የውስጥ ጎማ፣ ከካላማዳሪያ፣ ቆረጥን። በጎማው መሃል የግሉኮስ ቱቦ አሳለፍን፤ ያ መዘውር ያለው፣ ነርሶች በአውራ ጣት የሚከፍቱትና የሚዘጉት። ሃይድሮጅኑን የቆርቆሮ ቁራጭ ባትሪ አሲድ ውስጥ እየነከርኩ አወጣሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ አምቦ ላይ ቸግሮ አያውቅም፤ አንድ የማዕድን ውሃ መነቅነቅ ነው።

ጠላታችን አየር ነበር። ለእኛ ሕይወት የሆነው ኦክስጅን ያንን ኢንዛይም ልቡ ላይ ነው የሚወጋው። አየር መግባቱን እንድናውቅ ፈሳሹ ውስጥ ቀለም ጨምረናል፤ አየር ከሌለ ቀለም አልባ ይሆናል፣ አየር ሲነካው ሮዝ። ከዚህ በፊት የሞከርናቸው ጠርሙሶች ሁሉ በየተራ ሮዝ ሆነው ቀሩ። ጋዲሴ ሮዝ ቀለም መጥላት ከመጀመሯ የተነሳ ሮዝ ሻርፕ አድርጌ የመጣሁ ዕለት አላናገረችኝም።

ይህ ግን አልቀላም። ጎማውም ገባ! አጠገቡ መንትያው አለ፤ ጭቃው ተመሳሳይ፣ ጋዙ ተመሳሳይ፣ ልዩነቱ የመንትያው ባክቴሪያዎች አስቀድመው ተቀቅለው ሞተዋል። የሙታኑ ጎማ እንደተነፋ ነው። የሕያዋኑ ሰርጉዷል። ፈተናው ደግሞ በማግስቱ ነው!

"ማንም እንዳይነካው" አሉ ዶክተር ውባየሁ ላባቸውን እየጠረጉ። "እንደታሸገ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ጎማውን ያዩታል። በቃ።"

የኛ አገር የመመረቂያ ፈተና ላይ ሁለት ነገር ይቀርባል፤ ጥናትና መስተንግዶ። ጥናቱን ተማሪው ያቀርባል፤ መስተንግዶው የቤተሰብ ነው። ጥናቱ ደካማ ሆኖ ዳቦው ስላማረ ያለፈ ሰው አላውቅም፤ ቢሆንም ያለ ዳቦ ማንም ሊሞክረው አይደፍርም። የጋዲሴን መስተንግዶ የያዙት ኦቦ መርጋ ናቸው፤ የእናቷ ወንድም፣ እሷ "ኤሱማ" የምትላቸው፣ መናኸሪያው አጠገብ ግሮሰሪ ያላቸው፣ ጠርሙሱንም የሰጡን። ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ ቆሎና ዳቦና ሁለት ካርቶን ውሃ አሸክመው ከሁላችንም ቀድመው ደረሱ።

ስለ ኦቦ መርጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለክቡር እንግዳ ጋዙ ያልወጣለት የማዕድን ውሃ አያቀርቡም። "ትልቅ ሰው ፊት ግሳት እንዴት ይሆናል?" ይላሉ። ድራፍት ይሸጡ በነበረ ጊዜ ደግሞ አንዴ ቱቦው አምልጧቸው የአንድ ባለሥልጣን ሱፍ ላይ ረጭቷል። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ያለበት ቱቦ ሲከፍቱ ጫፉን ውሃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ ይነክሩታል፤ ጋዙ በውሃው ውስጥ ቡልቅ እያለ በጨዋ ደንብ ይወጣል። ዘዴው የራሳቸው ነው፤ ይኮሩበታል።

ሁለቱን ጠርሙሶች ጋዲሴ ከላፕቶፗ አጠገብ ስታስቀምጥ ኦቦ መርጋ አንገታቸውን አሰገጉ።

"ሌንጂሳ፣ እነዚህ የኔ ጠርሙሶች አይደሉም?"

"ናቸው ኦቦ።"

"ውስጡ ያለው?"

"ከሆራው የመጣ ነው" አልኩ እየተጣደፍኩ፤ የኤክስቴንሽኑ ገመድ አልደርስ ብሎኝ ነበር። ያቺ ያልጨረስኳት ዓረፍተ ነገር ናት ጉድ ያመጣችው።

ጋዲሴ ጀመረች። እንደዚያ ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጂኖቹን አለፈች፣ ኢንዛይሞቹን አለፈች፣ ባክቴሪያው ጉልበት የሚያገኝባት ቦታ ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ፕሮጀክተሩ ጨለመ። ሌላ ሰው ቢሆን ይቀመጣል፤ እሷ ጠመኔ አነሳች።

"መናኸሪያ አስቡ!" አለች። "ኤሌክትሮኖቹ ሲተላለፉ ጉልበት ይገኛል። ባክቴሪያው በዚያ ጉልበት ፕሮቶኖቹን ከግቢው ይገፈትራል። ረዳቱ ሰዉን ሁሉ ከመናኸሪያ አስወጥቶ አጥር ዘጋ እንበል። የባኮ አውቶቡስ ግቢው ውስጥ ቆሟል። ውጭ ያለው ሕዝብ መግባት ይፈልጋል፤ ያለችው ግን አንዲት የምትሽከረከር በር ናት። ሰው ተጋፍቶ በገባ ቁጥር በሯ ትዞራለች፤ በሯ ስትዞር ከሥሯ ያለውን ወፍጮ ታዞራለች። ዱቄቱ ኤቲፒ ነው! የሕይወት ሁሉ ምንዛሪ! ወፍጮዋ ፕሮቲን ናት፣ የምትዞር ፕሮቲን! እኛም ውስጥ አለች፤ አሁን ስናገር እየዞረች ነው፣ እርስዎም ውስጥ ዶክተር!"

ዶክተር ሰይፈዲን ሳያውቁት ደረታቸውን ዳሰሱ። "አውቶቡሱስ ባኮ ይደርሳል?"

"ረዳቱ መግፋቱን እስካላቆመ ድረስ።"

አዳራሹ አጨበጨበ። እኔማ ያለፈች መስሎኝ ነበር። ዶክተር ሰይፈዲን ግን ተነስተው ጎማዎቹን በቅርብ አዩና ተመለሱ።

"አንዱ ሰርጉዷል፣ አንዱ አልሰረጎደም። ጥሩ ነው። ግን ጎማ ሊላላ ይችላል። ምን ያህል ጋዝ ተበላ? ቁጥር ስጪኝ።"

ጋዲሴ ወደ ሁለቱ ጠርሙሶች አየች።

"መለኪያው… ካርቶን ውስጥ ነው፣ ዶክተር።"

"የአንቺ ጥፋት አይደለም። ግን ቁጥር የሌለው መበላት…" ብለው ሳይጨርሱ ቆሎ ትን አላቸው። አሳላቸው። ደረታቸውን እየመቱ በእጃቸው የውሃ ምልክት አሳዩ።

ጋዲሴ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳው ላይ የሆነ ስሌት ለመሞከር ጠመኔውን አንስታለች። እኔ በሩ ጋ መብራት መጣ አልመጣ እያልኩ ነኝ። ኦቦ መርጋ ግን ለዚህች ደቂቃ የተፈጠሩ ሰው ናቸው። ከታሸገው ተራ ውሃ ብርጭቆ ሙሉ ቀዱ። እዚያ ላይ ብርጭቆዋን ለሰውየው ቢሰጡ ነገሩ ያበቃ ነበር። ተራ ውሃ ግን ለክቡር እንግዳ አይሰጡም! እዚያው ፊታቸው ከሆራው የመጣ ውሃ እያለ! ከሁለቱ ደመን ያለውን፣ የምንጭ መልክ ያለውን መረጡ። ጋዙን አስቀድመው ሊያስወጡ የቱቦውን ጫፍ ብርጭቆው ውስጥ ነከሩ። አውራ ጣታቸውን መዘውሩ ላይ አሳረፉ።

አየኋቸው። "ኦቦ መርጋ! ተዉ!"

ከፈቱት።

ቡልቅ አላለም። ከዚያ የብርጭቆው ውሃ በቱቦው ሽቅብ ወጣ።

"ያ ዋቃ!" አሉ ኦቦ መርጋ። "ጠርሙሱ… ጠርሙሱ ውሃውን እየጠጣው ነው!"

ጋዲሴ ዞረች። "ኤሱማ!"

በሁለት ወንበር ላይ ዘልዬ መዘውሩን ልዘጋ እጄን ስዘረጋ ከኋላዬ ጩኸት መጣ። "አትንኩት! ማንም እንዳይነካው!"

ዶክተር ሰይፈዲን ናቸው። ሳሉ ጠፍቷል። ክራባታቸው ቆሎ ሳህኑ ውስጥ ገብቷል። ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ቱቦውን ያያሉ። ውሃው ሽቅብ ይሮጣል፣ ጠርሙሱ ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ብርጭቆው ይጎድላል። ጠብታው ባረፈበት ቦታ ፈሳሹ ሮዝ ሆነ፤ ውሃው አየር ይዞ ገብቷል። ሮዙ ወረደ፣ ተስፋፋ፣ ጠርሙሱን ሞላው። ጋዲሴ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቀረች።

ውሃው ቆመ።

"ብርጭቆው" አሉ ዶክተር ሰይፈዲን ቀስ ብለው፣ "መጀመሪያ ስንት ነበር?"

ኦቦ መርጋ ተቆጡ። "ምን ማለትዎ ነው? እስከ አፉ! ጎዶሎ ብርጭቆ ለእንግዳ አቅርቤ አላውቅም!"

"እስከ አፉ! ሰማችሁ? እስከ አፉ!" ዶክተር ሰይፈዲን ወደ እኔ ዞሩ። "መለኪያ ሲሊንደር አምጣ! ሩጥ!"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋዲሴም ከእኔ ቀድሞ ገብቷታል፤ እጆቿ ከራሷ ላይ ወርደው አፏን ያዙ። የተበላው ጋዝ ባዶ ቦታ ትቷል፤ ባዶው ቦታ ደግሞ በልኩ ውሃ ስቧል። ከብርጭቆው የጎደለው ውሃ ከጠርሙሱ የተበላው ጋዝ ልክ ነው! የፈለጉት ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር!

ሮጥኩ፣ ተመለስኩ። የተረፈውን ውሃ ለካን፤ ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞልተን ደግመን ለካን። ጋዲሴ ሰሌዳው ላይ ቀነሰች፣ አካፈለች፣ ጠመኔው ተሰበረ፣ በስባሪው ቀጠለች።

"ከጋዙ ከግማሽ በላይ!" ብላ ዞረች። "እንዲያውም ይበልጣል! መጀመሪያ ጎማው ተነፍቶ ነበር፣ ያንን ትርፍ አልቆጠርኩትም!"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ዶክተር ሰይፈዲን፤ እሳቸውም ቆመው ነው። "የተቀቀሉትስ?"

ሁላችንም ወደ ኦቦ መርጋ ዞርን።

"እኔ?" አሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው። "እኔ ከእንግዲህ ጠርሙስ አልነካም!"

"እርስዎ ነዎት የሚነኩት። ያው እጅ፣ ያው ብርጭቆ፣ ያው ዘዴ። ይሙሉልኝ፤ እስከ አፉ።"

ኦቦ መርጋ አማተቡ። ብርጭቆውን ሞሉ። ቱቦውን ነከሩ። "ይኼም ቢጠጣብኝስ?" አሉ ወደ ጋዲሴ እያዩ።

"ይክፈቱት ኤሱማ።"

ከፈቱት። ቡልቅ! ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ! አረፋው በብርጭቆው ውስጥ እየተንጋጋ ወጣ፤ ውሃው በጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የሞቱት ምንም አልበሉም! ሕያዋኑ በልተዋል! ዶክተር ውባየሁ ጭራሽ ወንበር ላይ ወጡ።

ዶክተር ሰይፈዲን ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁና የፊታቸውን ቁምነገር መልሰው አጠለቁት።

"አንድ ጠርሙስ አንድ ጠርሙስ ነው" አሉ። "ጋዙ መበላቱን አይቻለሁ፤ ጂኑም እዚያው አለ። የበላው ያ ኢንዛይም ነው ለማለት ትደግሚዋለሽ፤ በአዲስ ጭቃ፣ በብዙ ጠርሙስ። ይህንን እንደ ማሻሻያ እጽፈዋለሁ።" እስክሪብቶ አነሱ። "በማሻሻያ ግን አልፈሻል። መኪናውን አየሁት፤ እየሄደም ነበር።"

ጋዲሴ ወደ ሮዙ ጠርሙስ ሄዳ ጎማውን በጣቷ ዳሰሰችው። ኦቦ መርጋ ከጎኗ ቆሙ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሞቱ?"

"ሞቱ ኤሱማ። አየር ነካቸው።"

"እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

የሚያጽናና ነገር ፈለግሁ። "ኦቦ፣ በሥራ ገበታቸው ላይ እያሉ ነው የሞቱት" አልኩ። "በዚህ ከተማ ስንቱ ሠራተኛ ነው እንዲህ የሚሆንለት?"

መጀመሪያ የሳቀችው ጋዲሴ ናት። ሳቋ ወደ ለቅሶ ሄደ፣ ከለቅሶ ተመለሰ፣ የአጎቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። "ቅዳሜ ሸነን እወርዳለሁ" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ከሆራው ጭቃ አመጣለሁ። ያቺንም ልጅ ፈልጌ መልሱን እነግራታለሁ።"

"ግሮሰሪውን ዘግቼ አብሬሽ እወርዳለሁ" አሉ ኦቦ መርጋ። "ጠርሙስ የምሸከመው እኔ ነኝ። ብቻ አደራ፣ መዘውሩን ሌላ ሰው ይያዘው።"

ከኋላችን ጉሮሮ ተጠረገ። ዶክተር ሰይፈዲን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ቆሎውን ከክራባታቸው እያራገፉ ይጠብቃሉ።

"ኦቦ መርጋ፣ ውሃዬስ?"

ኦቦ መርጋ ተስፈነጠሩ። ከካርቶኑ አንድ የማዕድን ውሃ አወጡ፣ ከፈቱ። ጭስስስ! ወደ ውጭ! ይህቺን ተራ ድምፅ ስንሰማ አዳራሹ እንደገና አጨበጨበ።

"ጋዙን ላስወጣልዎት ዶክተር?"

"ኧረ ይተዉት! ዛሬ እንዳለ ነው የምጠጣው።"